የካርቶኑ እንጦጦ

እንጦጦን እኔም ሠርቼዋለሁ። እግዜር በአፈርና በድንጋይ፣ እኔ በካርቶን፣ በመጋዝ ብናኝ፣ በዱቄት ሙጫና በቡና አተላ። የእሱ እስከ ዛሬ ቆሟል። የእኔዋ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ነገር ነበረች፤ ሆኖም አንድ ሽማግሌን ከነበሬያቸው ልትበላ ምንም አልቀራትም ነበር። ተራራ ሰው ሲበላ ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ዛሬ የካርቶኑን ስሙ።

ጊዜው ደርግ ነው። ቀይ ሽብሩ አልፏል ይባል ነበር፤ ያለፈው ግን ተኩሱ እንጂ ፍርሃቱ አልነበረም። እኔ ያኔ ሃያዎቹን ያጋመስኩ ላጤ ነበርኩ፤ ሾላ ገበያ አጠገብ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ፊልም እያጠብኩ ፎቶ አትም ነበር። የቀን ሥራዬ የመታወቂያ ፎቶ ነው። ሁሉም አንገቱን አቅንቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ነገ የሚታሰር ይመስል ይነሳል። እንዲህ ያለ ፊት ጠዋት ማታ ሲያጥብ የሚውል ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ሌላ ዓለም ቢያምረው አይፈረድበትም።

የእኔ ሌላ ዓለም አሻንጉሊት ነበር። አብሬያት የምኖረው አክስቴ ብርቄ ፈረንጅ ቤት ወጥ ቤት ነበረች። ፈረንጆቹ አብዮቱ ሲመጣ ሻንጣቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ የልጆቻቸውን አሻንጉሊት በካርቶን ሞልተው ትተውላት ሄዱ። አብዛኞቹ ከጣት የማይበልጡ የፕላስቲክ ወታደሮች ናቸው። አንዱ በደረቱ ይሳባል፣ አንዱ ተንበርክኮ ያነጣጥራል፣ አንዱ ቦምብ ሊወረውር እጁን ወደ ኋላ ስቧል። ከእነሱ መሀል ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ፣ ከሌላ ጨዋታ የመጣ፣ ከሁሉም በጭንቅላት የሚበልጥ አንድ ከብት ነጂም ነበር። ለእነዚህ ሰዎች በካርቶን ቤት እሠራለሁ፣ መንገድ እዘረጋለሁ፣ ተራራ አቆማለሁ። ከዚያ ካሜራዬን እነሱ ቁመት ድረስ ዝቅ አድርጌ አነሳቸዋለሁ። ከፊት ትልቁን፣ ከኋላ ትንሹን፣ ከሁሉም ኋላ ደግሞ ቁራጭ የክብሪት እንጨት ካቆማችሁ፣ አንድ ክንድ ካርቶን የአንድ ቀን መንገድ ይመስላል። ክብሪቱ ሩቅ የቆመ ሰው ነው። ዓይን የሚያሳዩትን ያምናል፤ ሙያው ይኸው ነው።

አክስቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ታየው ነበር ማለት አልችልም።

«የሰው ልጅ አግብቶ ይወልዳል፣ አንተ ካርቶን ትወልዳለህ!» ትለኛለች። «ደግሞ ያ የቡና አተላህ ዝንብ ሲጠራ ነው የሚውለው።»

የምንኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሸዋንግዛው ይባላል። ከአብዮቱ በፊት የዕድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ጥሩምባ መንፋት ነውር የለውም፤ ነውሩ ከተሾመም በኋላ መንፋቱን አለማቆሙ ነው። ሰላምታ ሲሰጥ ይጮኻል፣ ሲቆጣ ይጮኻል፣ ምስጢር ሲነግርህ እንኳ ጎረቤት ይሰማል።

በሚያዝያ፣ የሠራተኞች ቀን ሊከበር ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን፣ ይህ ሰው አንድ ጠመንጃ ያነገተ አብዮት ጥበቃ አስከትሎ ቤቴ ገባ። ስብሰባ ቀርቼ ነበርና ለምን ቀረህ ሊለኝ ነው የመጣው። ነገር ግን ዓይኑ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያርፍ የመጣበትን ረሳው። ጠረጴዛው ላይ የዚያን ሰሞን የሠራሁት ኮረብታ፣ ኮረብታው ላይ ወታደሮቼ አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አሻንጉሊት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ወታደር አይደለም?»

«ወታደር ነው፤ ግን ፕላስቲክ ነው።»

ጎንበስ አለና ከሚያነጣጥረው ወታደር ጀርባ ሆኖ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «ይህ ሰው ወዴት ነው የሚተኩሰው?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወዴት እንደሚተኩስ አስቤበት አላውቅም። «ወደ መስኮቱ መሰለኝ» አልኩ።

«መስኮቱስ ወዴት ነው የሚያሳየው?»

ዞሬ አየሁ። በመስኮቱ በኩል፣ ከታች፣ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ያብረቀርቃል። ዛሬ ላይ ሆናችሁ ትስቁ ይሆናል። ያኔ ግን ከዚህ ባነሰ ነገር ወጥተው ያልተመለሱ ሰዎች ነበሩ፤ እኔም አውቃቸው ነበር።

አብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ያዳነኝ ግድግዳው ነው። ባለፈው ዓመት የሠራሁትን መንደር ያነሳሁበት ፎቶ እዚያ ተለጥፎ ነበርና ሊቀመንበሩ አፈጠጠበት።

«ይህ የት አገር ነው?»

«እዚሁ ነው። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ።»

«አታሹፍ! ይህ መንገድ፣ ይህ ዛፍ…»

«ዛፉ የጥድ ቀንበጥ ጫፍ ነው፣ ጓድ። መንገዱ አሸዋ ወረቀት።»

ፎቶውን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ደግሞ ፎቶውን አየ። ከዚያ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ አንድ ነገር በራ። ሐሳብ በዚያ ፊት ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይበራ ፈራሁ። አብዮት ጥበቃውን ውጭ ቁም አለውና በሩን ዘጋው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኪዳነ ምሕረት ባሻገር ባለው ተዳፋት ላይ እርከን እንዲሠራና ችግኝ እንዲተከል ለቀበሌው ስንዴና ዘይት መጥቶ ነበር። ለሚቆፍረው ሰው መታደል ነበረበት። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንዲሉ፣ ጓድ ሸዋንግዛው እንዳይቆጨው ተጠንቅቋል። ስንዴው ተበልቷል፣ ዘይቱ ተጠብሶበታል፣ ተዳፋቱ ላይ ግን አንድ አካፋ አልገባም። አሁን የቀበሌዎቹ የበላይ የሆነው ከፍተኛው ለበዓሉ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ ነው፤ የእርከኑንም ፎቶ አምጣ ብሎታል።

«ልትሠራው ትችላለህ ወይ?» አለኝ፤ በሱ ቤት ሹክ ማለቱ ነው።

«እርከን?»

«እርከን፣ ችግኝ፣ የሚቆፍር ሰፊ ሕዝብ።»

«ጓድ፣ ይህ እኮ ጨዋታ ነው…»

«ጨዋታ ከሆነ ተጫወት! ጨዋታ ካልሆነ ግን እነዚህ ወታደሮች ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚያነጣጥሩ ለከፍተኛው ታስረዳለህ።»

ምርጫ ማለት ይህ ከሆነ፣ መረጥኩ።

ከፎቶ ቤቱ ፈቃድ ወስጄ ቤቴ ተቀመጥኩና እንጦጦን ሠራሁ። ካርቶኑን እንደ ደረጃ እየደራረብኩ ቆረጥኩ፣ በሙጫ ለበጥኩ፣ የቡና አተላ ነሰነስኩበት። ለችግኝ የጥድ ቀንበጥ ጫፍ ተከልኩ። በበጋ የተተከለ ችግኝ ማን ውኃ እንዳጠጣው የሚጠይቅ ካድሬ እንደማይኖር አውቅ ነበር፤ አልተሳሳትኩም። ሰፊው ሕዝብ ግን አስቸገረኝ፤ ያለኝ ሕዝብ ሁሉ መሣሪያ ይዟል። በምላጭ ትጥቅ ሳስፈታ ዋልኩ። የሚያነጣጥረውን ጠመንጃ ቆርጬ አካፋ አደረግሁለት። በደረቱ የሚሳበውን ችግኝ የሚተክል ገበሬ አደረግሁት። ቦምብ ወርዋሪው አፈር የሚበትን ሆነ። ከኋላ፣ ከሩቁ ተዳፋት ላይ፣ ክብሪት ቆራርጬ ብዙ ሕዝብ አቆምኩ።

ጓድ ሸዋንግዛው ሊያይ መጣ። ዞር ዞር ብሎ ሲያበቃ ቅር አለው።

«እኔስ?»

«እርስዎ ምን?»

«እኔ የለሁበትም እንዴ? ሕዝቡን የሚያስተባብረው ማነው?»

አንዱን ወታደር መረጥኩለት። አጭር ነው አለ። ሌላ አሳየሁት፤ ጎንበስ ብሏል፣ መሪ አይጎነበስም አለ። በመጨረሻ ዓይኑ ያ ከብት ነጂ ላይ ወደቀ። ከሁሉም በጭንቅላት ይበልጣላ! ባርኔጣውን ከርክሜ ኮፍያ አደረግሁለት፣ ሽጉጥ የያዘ እጁን አቅጣጫ የሚያመለክት አስመሰልኩት። ሊቀመንበራችን በዚህ ዓይነት ከፊት ቆመ፤ ከጀርባው የሚቆፍሩት ገበሬዎች ትከሻው ድረስ ነበሩ። እሱ ግን አይቶ «አሁን እውነት መሰለ» አለ።

ለማንሳት ጠረጴዛውን ግቢ አወጣሁት፤ እውነተኛው የእንጦጦ ሸንተረር፣ ባሕር ዛፉና ሰማዩ ከካርቶኑ ጀርባ እንዲገባ። ተንበርክኬ አነጣጠርኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ አተላው ይሸታል፣ ጓድ ሸዋንግዛው ከጀርባዬ «ቶሎ በል፣ ቶሎ በል» ይላል። አነሳሁ። ፎቶ ቤት ድረስም ተከትሎኝ መጣ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ወረቀቱ መድኃኒቱ ላይ ሲንሳፈፍ ምስሉ ብቅ አለ። እውነት እላችኋለሁ፣ አምሮ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ያዘው፤ ከሩቁ ተዳፋት፣ ከክብሪቶቹ ጎን፣ አንድ ጥቁር ነገር አለ። ቀረብ ብዬ አየሁት። ዝንብ ነው። አንድ የደለበ ዝንብ አተላው ላይ አርፎ ከሕዝቡ ጋር ተነስቷል።

«ጓድ፣ አንድ ነገር አለ፣ ሌላ ላትም…»

«ምንም የለም! ጨርሰሃል!» አለና ወረቀቱን ውኃው እየተንጠባጠበ ነጥቆኝ ሄደ።

የኤግዚቢሽኑ ዕለት «የቀበሌው ፎቶ አንሺ» ተብዬ ከፎቶው አጠገብ እንድቆም ታዘዝኩ። የከፍተኛው ካድሬ ጓድ ዘለቀ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣ። ውጭ አገር የተማረ ነው፤ መነጽሩን አውልቆ ካልጠረገ ዓረፍተ ነገር አይጀምርም። እርከኑን አደነቀ፤ የሕዝቡን ብዛት አደነቀ፤ ፎቶው በትልቁ ታትሞ ለከተማው ኤግዚቢሽን ይቅረብ አለ። ጓድ ሸዋንግዛውን አየ፣ ፎቶው ውስጥ ያለውን ከብት ነጂ አየ፣ «ቆመህ ማስተባበርህ ደግ ነው» አለው። ከዚያ ጣቱ ወደ ተዳፋቱ ሄደ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ሊቀመንበሩ አጎነበሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ያኔ ነው። ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ዝም። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ዝንቡ ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር።

«በሬ ነው፣ ጓድ» አለ ሸዋንግዛው።

«በሬ? እርከን ላይ?» ጓድ ዘለቀ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አጠለቀ። «ሰፊው ሕዝብ በላቡ በሠራው እርከን ላይ ከብት ይለቀቃል? ይህ እኮ አሻጥር ነው! የማን በሬ ነው?»

በዚያች ቅጽበት ሊቀመንበሩ የሚያውቀውን ጥቁር በሬ በሙሉ በጭንቅላቱ ሲያስስ ይታየኛል። ብዙም አልቆየም።

«የቱፋ ነው፣ ጓድ! ከኪዳነ ምሕረት በላይ የሚያርሱት ሽማግሌ!»

አብረውት የመጡት ካድሬዎች ሁሉ ማስታወሻ ያዙ። እንዲህ አድርገው አንድ ዝንብ ወነጀሉ። ዳዋ ተመታ፤ የበላው አይጥ ግን እዚያው ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

አባባ ቱፋን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል። ከእንጦጦ ጫፍ በስተጀርባ ትንሽ መሬት ያርሳሉ። ሚስታቸው ወተት ይዘው ወደ ሰፈራችን ይወርዳሉ፤ ከአክስቴ ጋር በኦሮምኛም በአማርኛም ሲያወሩ ሰዓት ይረሳሉ። በማግስቱ አክስቴ ከገበያ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባባ ቱፋን አሰሯቸው» አለችኝ። «በሬያቸውን ወስደው ቀበሌ ግቢ፣ የባንዲራው እንጨት ላይ አስረውታል። ለበዓሉ ሊያርዱት ነው አሉ። አንተዬ፣ እርሻ ሊጀመር ነው! ያለ በሬ ምን ሊሆኑ ነው? እሳቸውስ ከዚያ ጉድጓድ መቼ ሊወጡ?»

ነገርኳት። ዝንቡን ነገርኳት። አክስቴ ነጠላዋን አነሳችና «ተነስ» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ አያስፈልግም ነበር።

መጀመሪያ ወደ ጓድ ሸዋንግዛው ሄድኩ።

«እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ያ ዝንብ ነው።»

«ያ በሬ ነው። ጓድ ዘለቀ በሬ ነው ብለዋል።»

«እርስዎ ነዎት እኮ በሬ ያሉት!»

«እኔ በሬ ያልኩት አንተ አንስተኸው ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እሱን ዝቅ ሲል መስማት የበለጠ ያስፈራል። «ስማ፣ ዝንብ የሚል ቃል ደግመህ ካወጣህ ከቱፋ ጎን ትታሰራለህ። በሬው ነገ ጠዋት ይታረዳል። ሽማግሌውም ጥፋቱን አምኗል፤ አልቋል።»

አምኗል! ይህን ማመን አቃተኝ። አክስቴ ለታሳሪው ምግብ አመጣን ብላ ዘበኛውን ለምና የቀበሌው እስር ቤት አስገባችን። አባባ ቱፋ ከግድግዳው ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል።

«አባባ፣ በሬዎ እርከን ላይ ወጣ ብለው አመኑ?»

«አመንኩ፣ ልጄ።»

«እንዴት? እርስዎ እዚያ ተራራ ላይ እርከን አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም» አሉ። እጃቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «ተራራውን ስረግጠው ጸጉሬ ሸበተ፤ እርከን ግን አላየሁም። ፎቶውን ያሳዩኝ ጊዜ የለም ልል ነበር። ግን ፎቶው ላይ አለ። ተራራው የኛው ነው፣ ባሕር ዛፉም የኛው ነው። በሬውም ጥቁር ነው። ያ ኢልማ፣ አንተ ልጅ፣ ሰው ይዋሻል፤ ሹምም ይዋሻል። ፎቶ እንዴት ይዋሻል? ዓይኔ ደክሟል ማለት ነው። ምናልባት ራሴም ደክሟል።»

«ይከራከሩ እንጂ፣ አባባ!» አለች አክስቴ።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉና ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

ዘበኛው ባይኖር እዚያው እነግራቸው ነበር። ካድሬዎቹን እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስንቃቸው ብቻ ነበር፤ ንቀት ደግሞ ያሞቃል እንጂ ከቤት አያስወጣም። እኒህ ሰው ዓይናቸውን ሲጠረጥሩ ሳይ ግን ተናደድኩ፤ እግሬን ያንቀሳቀሰው ንዴቱ ነው። ቤቴ ገብቼ ያን የሩቁን ተዳፋት ከካርቶኑ ላይ ቆርጬ አነሳሁ፤ ክብሪቶቹ እንደቆሙ በጋዜጣ ሸፍኜ፣ የፊልሙን ቁራጭ ኪሴ ከትቼ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ሄድኩ።

ጓድ ዘለቀ ብቻውን ነበር። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ገለጥኩት።

«ምንድን ነው ይህ?»

«እርከኑ ነው፣ ጓድ። ሰፊው ሕዝብ እነዚህ ክብሪቶች ናቸው። በሬው ዝንብ ነው።»

መነጽሩን አወለቀ። ጠረገ። ጠረገ። መልሶ ሲያጠልቅ ፊቱ ላይ ድንጋጤ ሳይሆን ስሌት ነበር፤ የተማረ ሰው ነው አላልኳችሁም?

«ይህን እርከን አስመልክቶ ሪፖርት ወደ ላይ ሄዷል» አለ። «በእኔ ፊርማ። ስለዚህ እርከኑ አለ። እርከኑ ካለ በሬውም አለ። ዝንብ ነው ካልን እርከኑ የት ሊሄድ ነው?»

«ጓድ፣ ሰውየው ንጹሕ ናቸው።»

«ታሪክ ሲሠራ የሚጎዳ ይኖራል።»

እንዲህ ነበር የሚናገሩት! አንድ ሽማግሌ በአንድ ዝንብ ሲታሰሩ ታሪክ ይሉታል። በሩን አየሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ፎቶው ለከተማው ኤግዚቢሽን በትልቁ እንዲታተም ተወስኗል፣ የማትመው ደግሞ እኔ ነኝ።

«እሺ ጓድ፣ በሬ ይሁን» አልኩ። «ግን ፎቶው ግድግዳ አክሎ ሲታተም በሬውም አብሮ ያድጋል። በትንሹ ሲያዩት ጥቁር ነገር ነው፤ በትልቁ ግን ክንፉ ይታያል።»

«ምኑ?»

«ክንፉ። ክንፍ ያለው በሬ፣ ጓድ። ትልልቆቹ ባለሥልጣናት ቆመው የሚያዩት።»

ፊልሙን አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያዝኩለት። ማጉያ መነጽር ከመሳቢያው አውጥቶ አየ። ብዙ ቆየ። ጆሮው ቀላ።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

እኔ ብቻ ብል እኔን ማጥፋት ይበቃል። ሰፈሩ ሁሉ ብል ሰፈሩ ያልቃል። «የሚያጠፋው እኔ ብቻ ነኝ» አልኩ። «በብሩሽ ከፎቶው ላይ ማንሳት እችላለሁ፤ ሙያዬ ነው። ግን ጓድ፣ በሬው ከፎቶው ከወጣ ሰውየው በምን ይታሰራሉ?»

ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። ከዚያ ራሱ እንዳገኘው ሐሳብ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ፣ «በሬ ከሌለ ጥፋት የለም» አለ።

ሸዋንግዛው ተጠራ። እየሮጠ መጣ።

«ፎቶው በድጋሚ ተመርምሯል» አለው ጓድ ዘለቀ። «በሬ የለበትም።»

ሊቀመንበሩ እኔን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ አለቃውን አየ። «ትክክል ነው፣ ጓድ! የለበትም! እኔም መጀመሪያውኑ ጠርጥሬ ነበር።»

ሰው ሲዋሽ ብዙ አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ግን በአንድ እስትንፋስ በሬ ሲፈጠርና ሲጠፋ አላየሁም።

ከአብዮት ጥበቃ ጋር ፎቶ ቤት ሄጄ ፎቶውን በትልቁ አተምኩ፣ ዝንቡንም በቀጭን ብሩሽ አጠፋሁ። በዚያው ከሰዓት በኋላ አባባ ቱፋ ተፈቱ፤ በሬውም ከባንዲራው እንጨት ተፈታ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም፤ እንዲያውም «አብዮቱ ምሮሃል» ነው የተባሉት።

በሬያቸውን እየነዱ ወደ ላይ ሲወጡ በኛ በር ያልፋሉ፤ ጠብቄ አስቆምኳቸው። ከእኔ ቀድመው ግን እሳቸው ተናገሩ።

«ልጄ፣ አንተ ነህ አሉ ፎቶውን ያነሳኸው። እባክህ፣ ያ እርከን በየት በኩል ነው? ቤቴ ከመግባቴ በፊት ልየው።»

በሬውን ግቢ አስሬ ወደ ቤት አስገባኋቸው፤ ጠረጴዛው ፊት አቆምኳቸው። ከኋላው የተቆረጠው እንጦጦ፣ አካፋ የያዙት ወታደሮች፣ ኮፍያ ያደረገው ከብት ነጂ፣ ሁሉም እዚያው ነበሩ። አባባ ቱፋ ጎንበስ ብለው አዩ። አንዷን ችግኝ በጣታቸው ነኩ፤ ወደቀች። አፈሩን ቆንጥረው አሸተቱ።

«ቡና ነው» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«የታሰርኩት እዚህ ላይ ነው?»

«አዎ።»

ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። ይቆጣሉ ብዬም ፈራሁ። እሳቸው ግን አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«እዚያ ቤት ሆኜ ተራራውን በሐሳቤ ስዞረው ነበር» አሉ። «ከቤቴ ተነስቼ፣ በምንጩ በኩል፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ። በየት አልፌ ነው ያላየሁት እያልኩ። መንገዱን ሁሉ አስታውሰዋለሁ፤ እርከኑ ግን የለም። አበቃልኝ፣ አረጀሁ፣ ታወርኩ አልኩ።» ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። «ደህና ነው እንዴ ዓይኔ? ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ አባባ። ከሁላችንም ይሻላል።»

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳልነግራችሁ ብተወው ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያስደስት ነገር የለውምና። ፎቶው በከተማው ኤግዚቢሽን ተሰቀለ፣ ተጨበጨበለት። ጓድ ሸዋንግዛው የምስጉን መሪ ሽልማት ወሰደ። ጓድ ዘለቀ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወረ፤ መነጽር የሚጠርግ ሰው አገራችን ውስጥ ሥራ አጥቶ አያውቅም። ተዳፋቱ ላይ እስከ ዛሬ እርከን የለም። እነዚህን ሰዎች እስከ አሁን እንቃቸዋለሁ፤ አይበቃህም ወይ የምትሉኝ ካላችሁ፣ አይበቃኝም። ስለ ስንዴው ግን አይደለም። ስንዴ ያልበላ ሹም መቼ ነበር? እኔን ያንገበገበኝ ተራራቸውን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ሰው አንድ ወረቀት አይተው ዓይናቸውን እንዲጠረጥሩ መደረጋቸው ነው። ሰው መሬቱን ቢቀሙት ይከራከራል፤ ዓይኑን ሲቀሙት ግን በምኑ አይቶ ይከራከር?

አሻንጉሊቶቹን አልተውኳቸውም። ዛሬም ጡረታ ወጥቼ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ካርቶን እቆርጣለሁ፣ ተራራ እሠራለሁ፣ አነሳለሁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው። በማነሳው ፎቶ ሁሉ ላይ፣ ከታች በኩል፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ አስገባለሁ። ምስሉን ያበላሸዋል፤ አውቃለሁ። ባለፈው ሰሞን ፎቶ ላሳትም የሄድኩበት ቤት ያለው ወጣት ኮምፒውተሩ ላይ አየውና «ጋሼ፣ ጠረጴዛው ገብቶብዎታል፤ ልቁረጠው?» አለኝ።

«ተወው፣ ይታይ» አልኩት።